የተርብ ጎጆ ያፈረሰ ለምን ይቀጣል?

የሽቱትጋርቱ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «ጀርመን ውስጥ ተርብ መግደል በአንዳንድ ግዛቶች እስከ 50 ሺህ ዩሮ ያስቀጣል፤ ታገሱ፣ ብርዱ ይጨርሳቸዋል» ተብሎ ተጻፈ። ልጄን በረንዳችን ላይ ነድፈውታል። ከልጄ ተርብ ሊበልጥ ነው?

የኮሎኟ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት ወንድሜ። ልጅህን እግዜር ይማረው። ግን ሕጉ የሚከለክለው ያለ በቂ ምክንያት መግደልን ነው። ምክንያት ካለህ ባለሙያ ትጠራለህ። ደግሞ ሴፕቴምበር እያለቀ ነው። ሠራተኞቹ፣ ወንዶቹ፣ አሮጊቷ ንግሥት፣ ሁሉም ይሞታሉ። አሮጌውን ጎጆ ተመልሰው አይኖሩበትም።

የሽቱትጋርቱ፦ «ብርዱ ይጨርሳቸዋል» ካልሽ በየዓመቱ ሜይ ላይ የሚመጡት ከየት ነው?

አትክልተኛው፦ ጥያቄው ልክ ነው። ወጣቶቹ ንግሥቶች ከወንዶቹ ጋር ተዳቅለው ይተርፋሉ። በዛፍ ቅርፊት ስር፣ በበሰበሰ ግንድ፣ በጣራ ውስጥ ይደበቃሉ። ሰውነታቸው በረዶ እንዳይሠራ ግሊሰሮል የሚባል ፈሳሽ ያመርታሉ። ደረቅ ብርድ ብዙም አይጎዳቸውም። የሚጎዳቸው እርጥበትና ሻጋታ ነው። ጃንዋሪ ላይ ሞቅ ሲል ደግሞ ያለጊዜያቸው ነቅተው በረሃብ ያልቃሉ።

የሽቱትጋርቱ፦ ይኸው! ብርዱ ካልጨረሳቸው እኔ እጨርሳቸዋለሁ።

የኮሎኟ፦ የትኞቹን? ጎጆው ውስጥ የሚቀሩት ለማንኛውም ሟች ናቸው። ንግሥቶቹ ወጥተው ይበተናሉ። የምታቃጥለው ባዶ የወረቀት ጎጆ ነው።

የልጆች እናት፦ ሟች ይሁኑ፣ እስኪሞቱ የሚነደፈው የማን ልጅ ነው? አገር ቤት በጭስ ነበር የምናባርራቸው።

አትክልተኛው፦ እህቴ፣ ኪራይ ቤት በረንዳ ላይ ጭስ? ጎረቤት እሳት አደጋ ይጠራብሻል።

የልጆች እናት፦ እኔ አጭሱ አላልኩም! ያላልኩትን አትጫንብኝ።

የኮሎኟ፦ አሁን የባሰባቸው እጮቹ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጡት ልጆቻቸው፣ ስላለቁ ነው። እጮቹ ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጧቸው ነበር። ያ ሲቀር ጭማቂህ ላይ ይመጣሉ። ደግሞ ገበታ ላይ የሚያስቸግሩን ሁለት ዓይነቶች ብቻ ናቸው።

የኦክላንዱ፦ «ብርዱ ይጨርሳቸዋል» ለእኛ አይሠራም። «የጀርመን ተርብ» የሚባለው ዓይነት ኒውዚላንድ የገባው በ1945 ነው። እዚህ ብርዱ ለስለስ ስለሚል አንዳንዱ ጎጆ ሳይሞት ይከርማል፤ በጣምም ይተልቃል። አውሮፓም እየሞቀ ነው፣ አትዘናጉ።

የኮሎኟ፦ ስለ ሽቱትጋርት በረንዳ እያወራን ኒውዚላንድን ምን አመጣው?

የሽቱትጋርቱ፦ የጠቀመኝን ስለተናገረ ነዋ! ነገ ለቤቱ ባለቤት እጽፋለሁ። ዝም ካለኝ አልጠብቅም።

አትክልተኛው፦ መጀመሪያ ፎቶ ላክ። ሆርኒሰ የሚሉት ትልቁ ተርብ ከሆነ ልዩ ጥበቃ አለው፣ ያለ ፈቃድ እንዳትነካው።