የ14 ዓመት ልጄ ስልኩን ይደብቀኛል፤ ብነጥቀው ይሻላል?

ከአንዲት እናት፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ወደ ልጄ ክፍል ስገባ ስልኩን ይደፋዋል። ሌሊትም አይተኛም። ብጠይቀው «ምንም የለም» ከማለት በቀር መልስ የለውም። የአገሩን ቋንቋም ሆነ መሣሪያውን ከእኔ አብልጦ ያውቃል፤ የእኔንም ስልክ የሚያስተካክልልኝ እሱ ነው። አባቱ «ነጥቀን እንገላገል» ይላል። እናንተስ?

ከአንድ አባል፦
እኅቴ፣ አይንጠቁት። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር በቅርብ አየዋለሁ። ስልክ መድፋት ብቻውን አያስደነግጥም፤ በዚህ ዕድሜ የማይደብቅ ልጅ የለም። እንቅልፍ ማጣቱ ላይ ድንገተኛ የገንዘብ ወይም የስጦታ ካርድ ጥያቄ ከተጨመረበት ግን ውለው ሳያድሩ ያነጋግሩት።

የስጦታ ካርድ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በተለይ ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆችን የሚያጠምድ ማስፈራሪያ ተስፋፍቷል፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይም ደጋግሞ አስጠንቅቆበታል። በኢንስታግራም ወይም በጨዋታ ላይ እኩያው የምትመስል ልጅ ትቀርበዋለች። ሁለት ሦስት የጋራ ወዳጆች ስላሏቸው አይጠራጠርም። ወሬው ሲሞቅ «ወደ ስናፕቻት እንሂድ» ትለዋለች፤ የራቁት ፎቶ ትልክና «የአንተስ?» ትላለች። የላከ እንደሆነ ወዲያው የተከታዮቹ ስም ዝርዝር ይመጣለታል፤ የአክስቱ፣ የአሠልጣኙ፣ የክፍል ጓደኞቹ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ በስጦታ ካርድ ካልከፈልክ ለሁሉም ይደርሳቸዋል።» በዚህ ጭንቀት ሕይወታቸውን ያጠፉ ልጆች አሉ፤ ስለዚህ ቁጣው ይቆየን።

አጭበርባሪው የሚተማመነው ልጁ ለወላጆቹ ትንፍሽ እንደማይል ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታው ይበረታል፤ ማኅበሩም ዘመዱም በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ቢናገር ስልኩን እንደሚቀማ የሚያውቅ ልጅ ጭራሽ አይናገርም። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ነገሩ ይኑርም አይኑርም፣ «እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ አልቆጣህም፤ ስልክህንም አልወስድም» ይበሉት። እርስዎ በአማርኛ ይንገሩት፤ እሱ በሚቀለው ቋንቋ ይመልስ።

ደርሶበት ከሆነ አይክፈሉ፤ የከፈለ ሰው በማግሥቱ ሌላ ይጠየቃል። መልእክቱን አያጥፉት፤ የአጭበርባሪውን የመለያ ስምና ንግግሩን በፎቶ ያስቀሩ፤ ነገሩ ለተፈጸመበት ኩባንያ፣ ለኢንስታግራም ወይም ለስናፕቻት፣ ያመልክቱ፤ ከዚያ አጭበርባሪውን ብሎክ ያድርጉት። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ፤ የሚያስተዳድረው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናትን የሚረዳው የአሜሪካ ብሔራዊ ማዕከል ነው። ከ18 ዓመት በታች ሳለ ለተነሣ ምስል የሚያገለግል ሲሆን ምስሉ ከስልኩ አይወጣም፤ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ቁጥር ብቻ ተወስዶ ለተባባሪ ኩባንያዎች ይላካል፤ እነሱም ምስሉን ከገጾቻቸው ለማውረድ ይጠቀሙበታል። በብሪታኒያ «ሪፖርት ሪሙቭ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ በአውስትራሊያ ደግሞ «ኢሴፍቲ ኮሚሽነር» የተባለው መሥሪያ ቤት አለ።

ከሌላ አባል፦
13 ዓመት ከሞላው እንደ ኢንስታግራም ያለውን ማኅበራዊ ሚዲያ እንዲጠቀም ሕጉ ይፈቅድለት የለ? ታዲያ ኩባንያዎቹ ምን ይሠራሉ?

ከመጀመሪያው መላሽ፦
13 ዓመት የሚለው ገደብ በዋነኛነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እሱም የሚናገረው ከዚያ ዕድሜ በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ስላለመሰብሰብ ነው። ልጁ ለአደጋው ደርሷል አይልም። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ገደቡን 16 አድርጋለች፤ ያዋጣ እንደሆነ ወደፊት እናያለን።

ይልቅስ የልጁ አካውንት ላይ የተመዘገበውን የትውልድ ዓመት ተመልከቱ። ኢንስታግራም ከ2024 ወዲህ የታዳጊዎችን ገጽ ከማያውቋቸው ሰዎች ይከልላል፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅም መከለያውን ያለ ወላጅ ፈቃድ ማላላት አይችልም። ዓመቱን ዋሽቶ 25 ያለ ልጅ፣ ወይም እናቱ በራሷ ስም የከፈተችለት፣ ኩባንያው የሚያውቀው እንደ ዐዋቂ ነው። ከእኛ መካከል እንዲህ ያደረገ ስንት አለ!

ከሦስተኛ አባል፦
የመኖሪያ ወረቀታችን ገና አላለቀም። ለፖሊስ ማመልከት ጉዳያችንን ያበላሽብን ይሆን?

ከመጀመሪያው መላሽ፦
እንደየአገሩ ስለሚለያይ በቅድሚያ ጠበቃችሁን ጠይቁ። እስከዚያው ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ፤ «ቴክ ኢት ዳውን» ስም እንኳ አይጠይቅም፤ ለኢንስታግራምም ሆነ ለስናፕቻት ለማመልከት ወረቀት አያስፈልግም። የትምህርት ቤቱን አማካሪ ስታነጋግሩ አስተርጓሚ ይመደብልን በሉ። ልጁን በራሱ ጉዳይ ላይ አስተርጓሚ አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡት፤ ግማሹን ውጦት ይቀራል።