ዓሣ «ደም የለውም» ተባለ፤ ወተትስ?

ዓባይ ማዶ፦ ትናንት በሬዲዮ የጥያቄና መልስ ሰዓት አንዲት እናት ደውለው «ዓሣ በጾም ይበላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ሳያንገራግሩ «ዓሣ ደም የለውም፣ ስለዚህ የጾም ነው» ብለው ዘጉት። ገና የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት፣ ምኩራብ ላይ ነን፣ የጣና ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ሁሉ «የጾም ዓሣ» የሚል ሰሌዳ አውጥቷል፣ አሁን ደግሞ ከመምህር አፍ ማስታወቂያ ተጨመረለት። ይበላል የሚል ይበል፣ ክርክሩ የቆየ ነው። ግን ደም የለውም?!

ጉማራ፦ እንዲህ ያለ ሰው ዓሣን የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። የቀረሶ ዓሣን ስንጥብ፣ መተንፈሻውን ማለቴ ነው፣ ግለጡና እዩ፤ ያ ደማቅ ቀይ ምንድን ነው? ሆድ ዕቃውን ስታወጡ ደግሞ ከአከርካሪው ሥር፣ ስስ ሽፋን ያለው ጥቁር ቀይ መስመር አለ። ሽፋኑ ተሰንጥቆ በማንኪያ ጫፍ ካልተፋቀ ዓሣው ቀድሞ የሚሸተው እዚያ ጋ ነው። ፊሌቶ ነጭ ሆኖ የሚቀርበው ይህ ሁሉ ወጥቶና ታጥቦ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ነገር አታጣሙ። ደም ሲሉ እንደ በግ ታርዶ የሚፈስ ማለታቸው ነው። ዓሣ አይታረድም፣ ከውኃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል። ጌታስ ቢሆን የተጠበሰ ዓሣ በልቶ የለም? ሉቃስ 24፥42።

ጉማራ፦ በራሱ ይሞታል? አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ራሱን በዱላ ካላሉት ከውኃ ወጥቶም ለሰዓታት ይተነፍሳል። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ውረድ።

ቅኔ ቤት፦ ሉቃስ 24 የትንሣኤ ዕለት ማታ ነው ልጄ። ከዚያ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በዚህ ጥቅስ ዓሣ የጾም ከሆነ የፋሲካው ዶሮም የጾም ነው። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ መለኪያው ደም ሆኖ አያውቅም። ወተት ደም የለውም፣ ቅቤ ደም የለውም፣ ሦስቱንም ዐይብ ጨምረህ አንቀምስም። ጥሉላት የሚባለው ሥጋውንም ከእንስሳው የሚገኘውንም ይዞ ነው። ዓሣን ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ «ሥጋ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥39።

የሽምብጥ ልጅ፦ መሪጌታ፣ ጥቅሱን ይጨርሱት እንጂ! «የዓሣም ሥጋ ሌላ ነው» ይላል። ሌላ!

ቅኔ ቤት፦ «የወፎችም ሥጋ ሌላ ነው» ይላል ከፊቱ። ዶሮን ልትፈቅድልን ነው?

ማኅሌት፦ ሁለታችሁም ተዉት፣ ቦታው ስለ ትንሣኤ ሙታን ነው፣ ስለ ማዕድ አይደለም። ሁሉም ሰው የሚሸሸውን እኔ ልበለው፤ ግብፆች ዓሣ ይበላሉ። ግን መቼ? እንደ ገና ጾምና እንደ ሐዋርያት ጾም ባሉት ነው፣ ያውም ረቡዕና ዓርብ ሳይጨምር። በዐቢይ ጾምና በነነዌ አይነኩትም። ስለዚህ «ዓሣ የጾም ነው» ብሎ ድፍን መልስ መስጠት በእነሱም ሥርዓት አይቆምም።

ዘጌ ቡና፦ ግብፅ ግብፅ አትበሉብን። እነሱ የሚያደርጉትን ሁሉ ልናደርግ ነው?

ማኅሌት፦ ስለ ጾም ሲነሣ «አንቀጽ 15» እያላችሁ የምትጠቅሱት ፍትሐ ነገሥት ከየት የመጣ መሰለህ? በ13ኛው መቶ ዘመን እዚያው ግብፅ በዐረብኛ የተጻፈ ነው። የራሳችን ፓትርያርክ በ1951 ዓ.ም. እስኪሾምልን ድረስስ ከማን መንበር ሥር ነበርን?

ዘጌ ቡና፦ እሱ ሌላ ርዕስ ነው። ሊቃውንቶቻችን መጽሐፉን ተቀብለው ከዚያ ጠበቅ አድርገው ጾሙ፣ ማጥበቅ ኃጢአት ሆነ እንዴ?

ጸጋው ይበቃል፦ ቆላስይስ 2፥16፤ በመብል ማንም አይፍረድባችሁ። አለቀ።

ዘጌ ቡና፦ ይኸው መጣ። ማቴዎስ 9፥15ስ? ሙሽራው ሲወሰድ «በዚያ ጊዜ ይጦማሉ» ያለው ለማን ነው? እናንተም በጸሎት ሳምንታችሁ ትጾሙ የለ፤ ምን ተበልቶ እንደሚገባ ስንነጋገር ብቻ ጸጋው ትዝ ይላችኋል።

የማዕድ ቤት፦ የበላውም ያልበላውም አንድ ነገር ልብ ይበል። ሆቴሎች «የጾም» ብለው የሚያቀርቡት የዓሣ ኮቶሌት በእንቁላል ተነክሮ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ነው የሚጠበሰው፤ ፍርፋሪውን የሚይዘው እንቁላሉ ነዋ። የዓሣ ዱለቱም ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። የጥብሱ ዘይት ጠዋት ዶሮ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል። የምትበሉ ከሆነ እቤት ሥሩት፦ ፊሌቶውን በጨውና በሎሚ 15 ደቂቃ አቆዩ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቁ፣ ዱቄት ብቻ አልብሱና ትርፉን አራግፉ፣ ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ይላቀቃል፤ ዘይቱ ካልጋለ ደግሞ ይመጠዋል።

ቅኔ ቤት፦ እህቴ፣ ለጾም ክርክር የጥብስ አሠራር ጨመርሽበት። እንቁላሉን ግን ደግ አደረግሽ።

ዓባይ ማዶ፦ ሰዓቱንስ? በዚህ ጾም የአዘቦት ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው የሚገባው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቀረሶ አስጠብሶ «ጾሜን ነኝ» የሚለውን ስለ ደም ማን ይጠይቀዋል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ለመሆኑ አምባዛን ለምን ተዋችሁት? ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ይከለክላል፣ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም። እሱን በፍስክ እየበላችሁ ቀረሶ ላይ ትፈርዳላችሁ?

ዘጌ ቡና፦ ማን በላ? ብዙ ቤት ድስት ላይ አይወጣም።

ጉማራ፦ እናንተ ስለ ቅርፊት ተከራከሩ። ነጩ ዓሣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል። ያኔ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ የሚያዘው እንቁላል የሞላው ነው፤ አንዷን ስትይዝ የሚቀጥለውን ትውልድ ይዘሃል። ፍልሰታ የምትውለው ልክ እዚያ መሃል ነው። «የጾም ዓሣ» የሚለው ሰሌዳ በነሐሴም ይሰቀላል።

የሽምብጥ ልጅ፦ አሁን ደግሞ ለዓሣው ማለቅ ጿሚው ተጠያቂ ሆነ!

ጉማራ፦ ገዢው ነው ያልኩት። ጿሚው ገዢ ከሆነ አንተው ደምር።

ማኅሌት፦ ከርዕሱ ወጣን። መምህሩ «በዚህ ጾም አይበላም፣ በእነዚህ ግን የሚፈቅዱ አሉ» ቢሉ ማን ይቆጣ ነበር?

የሽምብጥ ልጅ፦ እሳቸው ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህር ናቸው። እናንተ ማን ናችሁና?

ዓባይ ማዶ፦ መምህርነታቸውን ማንም አልነካም። መሪጌታ ወተት ደም የለውም ካሉ ስንት ሰዓት ሆነ፣ ለሱ መልስ አልሰጠህም።

የሽምብጥ ልጅ፦ ወተት ከደም ነው የሚሠራው።

ቅኔ ቤት፦ እሰይ! ዓሣውስ ከምን ተሠራ?