በብርዱ ወራት ፍላይ እንሰር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁም። ከገና በፊት ለሚደረገው የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። ባለፈው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ «ፍላይ ማሰር እንማር» ብላችኋል፤ ፍላይ ማለት ዓሣን የሚያታልል በእጅ የሚታሰር ማጥመጃ ነው። መነሻ ላስቀምጥና እናንተ አርሙት፣ ጨምሩበት።

ከጥምቀት በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ እንገናኝ። ሆሳዕና ሳይደርስ እንጨርስ። ሻድ የተባለው ዓሣ በኤፕሪል ወደ ፖቶማክ ወንዝ ሲገባ እያንዳንዱ አባል በገዛ እጁ ያሰረውን ስትሪመር ይዞ ወንዙ ዳር ወዳለው ፍሌቸርስ ኮቭ ይውረድ። ለአዲስ አባላት፦ ስትሪመር የምንለው ከፀጉርና ከላባ መንጠቆ ላይ የሚታሰረውን የፍላይ ዓይነት ነው። ውኃ ውስጥ ሲሳብ ትንሽ ዓሣ የምትዋኝ ይመስላል።

የትኞቹን ዓይነቶች እንማር?

አባል (አሌክሳንድሪያ)
ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን እባካችሁ ዓይነቱ አይብዛ። አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱም ክላውዘር ሚኖው የሚባለው ስትሪመር።

ክላውዘር የዚሁ አካባቢ ሥራ ነው። ፔንስልቬንያ ውስጥ ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ በሰስኩሃና ወንዝ ስሞልማውዝ ባስ ለሚባለው ዓሣ ብለው ሠሩት። ስሙን ያወጡለት የሜሪላንዱ ዝነኛ የፍላይ አጥማጅ ሌፍቲ ክሬ ናቸው። ስሞልማውዝ እኛም ጋ አለ። ዓሣው የፖቶማክ ተወላጅ አይደለም፤ በ1854 በባቡር የውኃ ታንከር ተጭኖ ከምዕራብ መጥቶ ነው የተራባው። ሻዱም፣ ሮክፊሽ የሚባለው ትልቁ ዓሣም ይህን ፍላይ ይነክሱታል። የመንጠቆው መጠን ለሻድ ቁጥር 6፣ ለስሞልማውዝ ቁጥር 4፣ ለሮክፊሽ 1/0 ይሁን እንጂ አሠራሩ ያው ነው። አንዱን በደንብ የቻለ ሰው ለሁሉም ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ሌላው ምክንያቴ ወንዙ ራሱ ነው። ቼይን ብሪጅ አካባቢ ታችኛው ሁሉ ድንጋይ ነው። የክላውዘር ዓይኖች የምንላቸው ከባድ የብረታ ብረት ጥንድ ኳሶች የሚታሰሩት መንጠቆው ጀርባ ላይ ስለሆነ ክብደታቸው ይገለብጠዋል። የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ዞሮ ይሄዳል፤ ድንጋይ ቶሎ አይዘውም። ክሩን ሳብ ስታደርጉት ብድግ ይላል፤ ስትለቁት በአፍጢሙ ይወርዳል። ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚመታው ሲወርድ ነው።

ገንዘብ ያዥ
እኔ ከወጪው ልጀምር። ዝግጁ ክላውዘር ሱቅ ውስጥ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ሞርሳ (መንጠቆውን ቆንጥጦ የሚይዘው)፣ ቦቢን (የክር መያዣው)፣ መቀስና ፀጉር ሲደመር ግን የመጀመሪያው ወጪ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ጉባኤው ፊት «ገንዘብ ይቆጥባል» ብለን አናቅርብ። ሙያውን ለመማርና አብሮ ለመቀመጥ ነው ብለን በግልጽ እንጻፍ። አባላት ይህን ሰምተው ቢወስኑ ይሻላል።

ሞርሳዎቹን ማኅበሩ ይግዛቸው፤ አባል በውሰት ይጠቀም። ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። መንጠቆና ፀጉር ከመዋጮ ይሸፈን።

አባል (አሌክሳንድሪያ)
ስለ ወጪው የተባለው ልክ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ሞርሳ በሚለው ግን አልስማማም። ይህ ሥራ በማየት አይገባም። ዓይኖቹን በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያጠላለፋችሁ ስታስሩ ክሩ ምን ያህል መወጠር እንዳለበት የሚነግራችሁ ጣታችሁ ነው። ላላ ካለ ዓይኑ ይዞራል፤ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል። ዓይኖቹን ወደ መንጠቆው ቀዳዳ አታስጠጉ፤ ለጭንቅላቱ ቦታ ተዉለት። አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉም አትርሱ።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ፀጉር ሲያበዛ ነው። ነጩን ከታች፣ አረንጓዴ ቢጫውን ከላይ፣ መሐል ላይ ጥቂት የሚያብለጨልጭ ክር። ፀጉሩ ስስ ሆኖ በመሐሉ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። «ይሄማ አነሰ» ስትሉ ልክ መጥታችኋል። ከበዛ ውኃ ውስጥ እንደ ሕያው አይወዛወዝም፣ ቶሎም አይሰምጥም። ይህን በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት አይቻልም። ሰው ይቀነስ እንጂ ለእያንዳንዱ አንድ ሞርሳ ይኑር።

አንጋፋ አባል (ባልቲሞር)
ልጆቼ፣ ስለ ፀጉሩ እኔ ልናገር። ክላውዘር የሚታሰረው በአጋዘን ጅራት ፀጉር ነው። የተቀለመ አንድ ጅራት ብትገዙ ለብዙ ደርዘን ይበቃችኋል። የምታውቁት አዳኝ ካለም ጠይቁት፤ ብዙዎቹ ጅራቱን ይጥሉታል። በየበዓሉ እርሻ ሄደን ፍየል ስናርድ ደግሞ ቆዳው ይጣላል። የፍየል ፀጉር ረጅም ነው፤ ለትልልቆቹ ስትሪመሮች ይሆናል። በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ በፌስታል አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሰንብቶ ይውጣ። ያለዚያ ብል ገብቶ የሱፍ ልብሳችሁን ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። መናፈሻ ውስጥ ወድቆ ያገኛችሁትን የዱር ወፍ ላባ አታንሱ። የተሰዳጅ ወፎችን የሚጠብቅ የ1918 የፌዴራል ሕግ አለ። የጭልፊት፣ የጉጉት፣ የሳቢሳ ላባ ወድቆ ቢገኝ እንኳ መያዝ አይፈቀድም። ይህ በሐሳቡ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ።

እናት (ስፕሪንግፊልድ)
ጋሼ እንዳሉት ይጻፍ። እኔ ደግሞ ልጆቹ አብረው እንዲገቡ እፈልጋለሁ። ልጄ ስልኩን አስቀምጦ ከአባቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ሁለት ነገር ይስተካከል። የእርሳስ ዓይን አይገዛ። ልጆች ነክተውት እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። የናስ አለ፤ ትንሽ ይቀላል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛ፣ የመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችው እሾህ ከመጀመሪያው በፒንሳ ትጨፍለቅ። ጣት ላይ ቢሰካ በቀላሉ ይወጣል። ለዓሣውም ይሻላል፤ ሻድን ይዞ ወደ ቤት መሄድ ክልክል ስለሆነ የምንለቀው ነውና።

የማጥመጃ ፈቃዱንም አንርሳ። 16 ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን ያወጣል። ፍሌቸርስ ዲሲ ስለሆነ የሚያስፈልገው የዲሲው ነው።

አዲስ አባል (ማናሳስ)
ባሌ ውስጥ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ጥቂት አስረን ለዚያ አካባቢ አጥማጆች ብንልክስ?

ጸሐፊ
በጣም ጥሩ ነው፤ እኔም ልቤ እዚያ ነው። ግን ለዚያ ውኃ የሚሻለው ዉሊ በገር የሚባለው ሌላ ፍላይ ነው፤ ክላውዘር አይደለም። መጀመሪያ እጃችን ይፍታታ፣ በሚቀጥለው ዓመት ራሱን ችሎ ይቅረብ።

እስካሁን የተስማማንበትን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ ከጥምቀት በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የፍላይ ማሰር ትምህርት ያዘጋጃል። የሚሰጠው ክላውዘር ሚኖው ብቻ ይሆናል። ማኅበሩ 8 ሞርሳ ከነመሣሪያው ይገዛል፤ በአንድ ምሽት ከ8 ሰው በላይ አይመዘገብም። ልጆች ከወላጅ ጋር ይገባሉ። ዓይኖቹ የናስ ይሆናሉ፤ የመንጠቆው እሾህ ይጨፈለቃል። የሚፈቀደው ፀጉርና ላባ ከሱቅ፣ ከቤት እንስሳ ወይም በሕግ ከታደነ አጋዘን የተገኘ ብቻ ነው። ዓላማው ሙያ መማርና አብሮነት ነው።»

ዐቢይ ጾም መሐል ስለሚገባ የምሽቱ ምግብ የጾም ይሁን። ማሻሻያ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ። የአሌክሳንድሪያው ወንድማችን፣ አስተማሪ አድርጌ ላስገባህ?

አባል (አሌክሳንድሪያ)
እሺ፣ ደስ ይለኛል። ግን 8 ሰው ለአንድ አስተማሪ ይበዛል፤ ረዳት ይጨመርልኝ።

አንጋፋ አባል (ባልቲሞር)
እኔ አለሁ። ፀጉሩን ለክቶ መስጠቱን ለኔ ተዉት።

ገንዘብ ያዥ
በ8 ሞርሳ እስማማለሁ። የሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቄ እስከ ሐሙስ አስገባለሁ።