የ600 ተማሪ ጉርድ ፎቶ አንድ በአንድ ከመቁረጥ የሚያድነኝ መንገድ አለ?

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን መታወቂያ እንድሠራለት ሰጥቶኛል። ተማሪው 600 ገደማ ነው። ማንሳቱ አልቋል። የቀረው የኮምፒውተሩ ሥራ ነው፣ ወገቤን የቆረጠውም እሱ ነው።

እያንዳንዱን ፎቶ እከፍታለሁ፣ በ3 በ4 እቆርጣለሁ፣ ብርሃን ጨመር አደርግበታለሁ፣ ሴቭ አድርጌ እዘጋለሁ። ከዚያ መታወቂያው ላይ እለጥፈውና ስም፣ ክፍልና ቁጥር እጽፋለሁ። እንዲህ እያልኩ መቼ ልጨርስ ነው?

አክሽን (ፎቶሾፕ አንዴ የሠራሁትን ቀድቶ የሚደግምበትን) ቀርጬ ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያውን ልጅ አሳምሮ ቆረጠው። የሁለተኛውን ግንባር ወሰደው። የሦስተኛዋ አገጯ የለም። ልጆቹ ቁመታቸው አይገናኝም፣ አንዱ 9ኛ ክፍል ሆኖ በሩን ይነካል፣ ሌላው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎም አይታይም። ሁለት ሆነን በሁለት ካሜራ ስላነሳን ርቀቱም ይለያያል።

ያለኝ ፎቶሾፕ 2022 ነው፣ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ የድሮው ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 አለ። ብዙ ፎቶ አንድ ላይ የሚያስተካክለው ላይትሩምም አለኝ፣ ግን ለሠርግ ብቻ ነው የምከፍተው። የስም ዝርዝሩን በኤክሴል ሰጥተውኛል። መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሐረጎ

ፋይል፣ አውቶሜት፣ ባች። አለቀ።

የሆጤዋ

ባችን አውቀዋለሁ ወንድሜ፣ አክሽኑን ፎልደሩ ውስጥ ባለው ፎቶ ሁሉ ላይ ያስኬደዋል። ግንባር የሚቆርጠውም እሱ ነው።

ጋሽ ኔጋቲቭ

አብሽሪ ልጄ። አክሽን ዓይን የለውም። የቀዳሽውን ቦታ ነው የሚቆርጠው፣ ፊት ይኑር አይኑር አያውቅም። ስለዚህ መቁረጡን ለራስሽ ያዢውና ሌላውን ለእሱ ስጪው።

አክሽን ፓነሉን ክፈቺ (አልትና ኤፍ 9)። አዲስ አክሽን ጀምሪና ቅጂው ሲበራ ክሮፕ መሣሪያውን አንሺ። ከላይ 3 ሴንቲሜትር፣ 4 ሴንቲሜትር፣ ሪዞሉሽን 300 ብለሽ ሙዪ። ፎቶው በፒክስል 354 በ472 ይሆናል ማለት ነው። «ዲሊት ክሮፕድ ፒክስልስ» የሚለው ምልክት ይኑርበት። ከሌለበት ፎቶው ወደ ሌየር ይቀየርብሻል፣ ያንቺ ፎቶሾፕ ደግሞ ሌየር ያለውን ፋይል በሴቭ አዝ ጄፔግ ሊያደርግልሽ እሺ አይልም። ቀጥሎ ብርሃኑን በከርቭስ አስተካክዪ፣ ሴቭ አዝ ብለሽ ጄፔግ፣ ጥራት 10፣ ዝጊው፣ ቅጂውን አቁሚ። ሴቭ ስታደርጊ የፋይሉን ስም እንዳትነኪ።

አሁን ዋናው ነገር። ፓነሉ ላይ ከ«ክሮፕ» መስመር በስተግራ ትንሽ ባዶ ሳጥን አለች። እሷን ተጫኚያት። ከዚህ በኋላ ባች ስታስነሺ እያንዳንዱ ፎቶ ራሱ ይከፈታል፣ መቁረጫው ላይ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቅሻል። ፊቱን ወደ መሃል ጎትተሽ ኢንተር ትያለሽ። ብርሃን፣ ሴቭ፣ መዝጋት፣ ቀጣዩን መክፈት የእሱ ሥራ ነው። ከአንቺ የሚፈለገው አንድ ጉተታና አንድ ኢንተር ነው።

ባቹ መስኮት ላይ «ኦቨርራይድ አክሽን ሴቭ አዝ ኮማንድስ» የሚለውን አትርሺ። እሱን ካልነካሽና ስትቀጂ የፋይሉን ስም ነክተሽ ከነበረ ሁሉንም በአንድ ስም፣ በአንድ ቦታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ያስቀምጣል። መጨረሻ ላይ የምታገኚው የመጨረሻውን ተማሪ ብቻ ነው። የስህተቱን ክፍል ደግሞ «ሎግ ኤረርስ ቱ ፋይል» አድርጊው። አለበለዚያ አንድ የተበላሸ ፋይል ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንቺ ቡና አፍልተሽ ስትመለሺ እዚያው ታገኚዋለሽ።

ቦርከና

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው። እኔ ግን መቁረጡን ፎቶሾፕ ላይ አልሠራውም። ምክንያቱ መብራት ነው። ባች መሃል ላይ ቢጠፋ የት እንደደረሰ አያስታውስም። ያለቀውን ካላለቀው ለይተሽ እንደገና ታስነሻለሽ። ላይትሩም ግን የነካሽውን ወዲያው ካታሎጉ ውስጥ ይመዘግባል፣ ዋናውን ፎቶም አይነካም። መብራት ሲመጣ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።

አንዱን ክፍል አስገቢ። ዴቨሎፕ ላይ የመጀመሪያውን ፎቶ አስተካክዪ፤ ዋይት ባላንሱን፣ ብርሃኑን፣ ክሮፑን 3 በ4። ከዚያ ሁሉንም መርጠሽ ሲንክ በይ። ሲንኩ ምን ምን ላስተላልፍ ብሎ ሲጠይቅ ክሮፕ ላይ ምልክት መኖሩን እዪ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው። አሁን ሁሉም በግምት ተቆርጠዋል። ክሮፑን እንደከፈትሽ ከታች የተደረደሩትን አንድ በአንድ እየነካሽ ማስጠጋት ብቻ ነው የሚቀርሽ። በደንብ የተቀመጠ ልጅ ከሆነ ዝም ብለሽ ታልፊዋለሽ። የጋሼ መንገድ ደህናውንም ፎቶ ያስቆምሻል።

ሁለት ካሜራ ስለሆነ የአንዱን ካሜራ ለብቻ፣ የሌላውን ለብቻ ሲንክ አድርጊ። አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ ነገር ማውጣቱ አይቀርም። ስትጨርሺ ኤክስፖርት፣ ሪሳይዝ 354 በ472፣ ሪዞሉሽን 300።

ጋሽ ኔጋቲቭ

የቦርከና ይሻላል፣ ተቀብያለሁ። እኔ ላይትሩምን ብዙም አልወዳትም እንጂ።

አንድ ነገር ለቀጣዩ ልጨምር። ይሄ ሥራ የሚቀለው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ሲነሳ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ወንበሩ መሬት ላይ በተለጠፈ ፕላስተር ላይ፣ ዙሙም እንዳይነካ። ልጁ ሲለዋወጥ ከፍና ዝቅ የሚለው ትራይፖዱ ብቻ ነው፣ ዓይኑ መሃል ላይ ካለችው ነጥብ ትንሽ ከፍ እስኪል። እንዲህ ከተነሳ የቀዳሽው አክሽን ግንባር አይነካም፣ ባቹን አስነስተሽ መተኛት ነው።

እማዋ

እኔም የትምህርት ቤት መታወቂያ እሠራለሁ። ጀርባውን ነጭ ልታደርጊ ካሰብሽ እዚህ ጋ ጠንቀቅ በይ። ሰሌክት ሰብጀክት (ሰውየውን ከጀርባው ራሱ ለይቶ የሚመርጠው) አክሽን ውስጥ ይቀዳል፣ ጥሩም ይሠራል። ነገር ግን ነጭ ሂጃብ ያደረገች ልጅ ነጭ ጀርባ ላይ ስትሆን ልብሷ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኖ ፊቷ ብቻ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ነጭ ነጠላም እንደዚያው ነው። እዚህ ደሴ ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ የለበሱ ስንትና ስንት ልጆች አሉ። ትምህርት ቤቱን አስፈቅደሽ ጀርባውን ሰማይ ሰማያዊ ብታደርጊው ሁሉም ላይ ይሠራል።

ሲኤስ 6 ላይ ግን እንዳትሞክሪው። ሰሌክት ሰብጀክት የመጣው በ2018 ነው፣ እዚያ ላይ አክሽኑ መሃል ላይ ይቆምብሻል።

የሆጤዋ

አላህ ይስጣችሁ። ጀርባውን ሰማያዊ አሉኝ፣ ተገላገልኩ። ላይትሩሙን አንድ ክፍል ላይ ሞከርኩት፣ በጣም ፈጣን ነው። አሁን ስሙን እንዴት ላድርግ? ከኤክሴል እየገለበጥኩ መለጠፍ ነው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ቦርከና

አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ ቫሪየብልስ የሚባል፣ ስሙንና ፎቶውን ከዝርዝር እያነበበ ዲዛይኑ ላይ የሚሞላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አይከፍተውም።

አንድ የመታወቂያ ዲዛይን በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ በራሱ ፋይል) አዘጋጂ። የፎቶው ቦታ አንድ ሌየር፣ ስም አንድ፣ ክፍል አንድ፣ ቁጥር አንድ። ከዚያ ኢሜጅ፣ ቫሪየብልስ፣ ዲፋይን። ለጽሑፎቹ «ቴክስት ሪፕሌስመንት»፣ ለፎቶው «ፒክስል ሪፕሌስመንት» ምረጪና ለእያንዳንዱ ስም ስጪው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፣ መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አይኑረው።

ኤክሴሉ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ እነዚያን ስሞች ይይዛል፣ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። የፎቶው ዓምድ ላይ የፋይሉን ስም ከነነጥብ ጄፔጉ ጻፊ። ፎቶዎቹና የጽሑፍ ፋይሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ከሆኑ አድራሻ አያስፈልግም። ከዚያ ሴቭ አዝ ብለሽ «ዩኒኮድ ቴክስት» ምረጪ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጥሽ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ፎቶሾፕ ላይ ኢሜጅ፣ ቫሪየብልስ፣ ዳታ ሴትስ፣ ኢምፖርት። ከዚያ ፋይል፣ ኤክስፖርት፣ ዳታ ሴትስ አዝ ፋይልስ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፒኤስዲ ያወጣልሻል። ፒኤስዲ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ፋይል፣ ስክሪፕትስ፣ ኢሜጅ ፕሮሰሰር ብለሽ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ጄፔግ ትቀይሪዋለሽ።

መጀመሪያ አምስት ስም ብቻ አድርገሽ ሞክሪው። ሙሉውን ጭነሽ ስህተት ቢያወጣ ከየት እንደመጣ መፈለጉ ያሰለቻል።

የሆጤዋ

አምስቱን ሞከርኩ። ፎቶው ቦታው ላይ ቁጭ አለ፣ ማሻአላህ ነው። ስሙ ግን አማርኛ አይደለም። ዝብርቅርቅ ያለ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ኤክሴሉ ላይ ጥሩ አማርኛ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

እማዋ

ዝርዝሩ የተጻፈበትን ፎንት እስቲ እዪው። ድሮ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ መሆን አለበት።

የሆጤዋ

አዎ፣ ፓወር ግዕዝ ይላል።

እማዋ

በቃ እሱ ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከውስጥ አማርኛ አይደለም፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ላይ የአማርኛ ቅርጽ አልብሰውት ነው። ፎንቱን ስትገፍፊው እውነተኛ መልኩ ይወጣል። ወደ ዩኒኮድ (ፊደሉን በትክክለኛው አማርኛ ወደሚይዘው) በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፊውና ስሞቹን በዓይንሽ እያቸው፣ አንዳንድ ፊደል መሳቱ አይቀርም። «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ» እና «ሐ» ላይ የልጁ ስም የተጻፈበትን መዝገብ ተከተዪ፣ ወላጅ በዚህ ይቆጣል። ዲዛይኑ ላይ ደግሞ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጊ።

ጋሽ ኔጋቲቭ

የቀሩ ተማሪዎች ነበሩ? በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ካነሳሽና አንድ ልጅ ከጎደለ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ፎቶ ይዞ ነው የሚወጣው።

የሆጤዋ

ነበሩ ጋሼ። ለቀረ ልጅ ባዶውን ወንበር ነው ያነሳነው። የየክፍሉ መጀመሪያ ላይም የስም ዝርዝሩን ራሱን አንስተነዋል።

ጋሽ ኔጋቲቭ

ጎበዝ! እንግዲያው የዝርዝሩን ፎቶ አውጪና ወንበሩን እዚያው ተዪው። ብሪጅ (የአዶቢ ፋይል ማያው) ላይ ባች ሪኔም ብለሽ ክፍል በክፍል ቁጥር ስጪ፣ ወንበሩም የቀረውን ልጅ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ልጁ በኋላ ሲመጣ አንስተሽ በዚያው ስም ትተኪዋለሽ።

ሐረጎ

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ቁጥሩ በዜሮ ከጀመረ ኤክሴል ዜሮዋን አይበላትም?

ቦርከና

ይበላታል። ቁጥሩን ከማስገባትሽ በፊት ዓምዱን መርጠሽ ፎርማቱን «ቴክስት» አድርጊው። ኢምፖርት ስታደርጊ ፋይሉ አይነበብም ካለሽ ደግሞ በኖትፓድ ክፈቺውና ከመጨረሻው ስም በታች ያሉትን ባዶ መስመሮች አጥፊ።

የሆጤዋ

እሺ። ስሙን ዛሬ አስቀይረዋለሁ። ኢሜጅ ፕሮሰሰሩን ሲኤስ 6 ላይ ባስነሳው ይሠራል? ይሄኛው ላይ ሌላውን ክፍል መቁረጥ ልቀጥል ብዬ ነው።

ቦርከና

ይሠራል። ኒያላውን ወይም ኖቶውን እዚያኛው ላይም ጫኚው፣ ፒኤስዲውን ስትከፍቺው ፎንት የለም እንዳይልሽ። የጄፔግ ጥራቱን 10 አድርጊው። ፎልደሩን በፍላሽ ላይ እያለ አታስነሺው፣ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጪው።