ክሮተን አዲስ አበባ ውስጥ ቅጠሉን ለምን ያረግፋል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሳለ ቅጠሉ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የተዥጎረጎረ ክሮተን ወደ አዲስ አበባ አምጥቼ በሸክላ መትከያ ሳሎን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አሁን የታችኞቹ ቅጠሎች እየረገፉ ሲሆን፣ አዲስ የሚወጡትም አረንጓዴ ብቻ ናቸው። ግቢ ውስጥ ብተክለው ይሻለው ይሆን?

መልስ 1፦ ክሮተን የማሌዥያ፣ የኢንዶኔዥያና የፓስፊክ ደሴቶች ተክል በመሆኑ፣ ሲበርደውም ሆነ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን ይጥላል። ግንዱን በጥፍርዎ ሲጭሩት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነውና እባክዎ አይጣሉት። ቀለሙ የሚደምቀው በብርሃን ስለሆነ ወደ መስኮት ያስጠጉት፤ ነገር ግን ጥላ የለመደ ቅጠል በድንገተኛ ፀሐይ ስለሚቃጠል ቀስ በቀስ ያለማምዱት።

መልስ 2፦ ውኃውን ቀን ቆጥረው ሳይሆን፣ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ አስገብተው የላይኛው ክፍል መድረቁን ሲያረጋግጡ ብቻ ያጠጡት። መትከያው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ሥሩ ይበሰብሳል። የቅጠሉንም ጀርባ ይመልከቱ፤ አየሩ ሲደርቅ ቀይ ሸረሪት የሚባለው በጣም ትንሽ ተባይ ቀጭን ድር ያደራበታልና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

መልስ 3፦ ግቢውን አልመክርዎትም። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚወርድ፣ በመትከያው ቆይቶ ቀን ወደ በረንዳ ቢወጣና ማታ ቢገባ ይሻለዋል። ሲገርዙት፣ የቁልቋል ዘመድ ነውና፣ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ያድርጉ፤ ቅጠሉንም ሕፃናትና የቤት እንስሳት እንዳያኝኩት ይጠንቀቁ።