ትምህርት ቤት 300 ዩኒፎርም ከወጪዬ በታች በሆነ ዋጋ አዘዘኝ፤ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? (ሐዋሳ)

ልብስ ሰፊዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አራት የስፌት መኪናና አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጭ መኪና) አሉን። ዓመቱን ሙሉ የመጣውን እንሰፋለን፤ ቤቱን የሚያቆመው ግን የክረምቱ የተማሪ ዩኒፎርም ነው።

አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት 300 ዩኒፎርም፣ ሸሚዝና ሱሪ አንድ ላይ፣ ስፊልን ብሎኛል። ለአንዱ 850 ብር ነው የሚከፍሉት። ወላጆች በየግላቸው ሲያሰፉ 1,100 ነው የማስከፍለው። ግማሹን በቀብድ ይሰጡኛል፣ ቀሪውን ትምህርት ሲጀመር።

የአንድ ልብስ ወጪዬ ይሄ ነው። ጨርቅ ከመርካቶ ከነማስጫኛው 440 ብር፣ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ 40፣ ለሰፊዋ 130 (በፍሬ ነው የምከፍላቸው)፣ ቁልፍ መትከያና መተኮሻ 20። ድምሩ 630።

በወር ደግሞ ኪራይ 18,000፣ የቅድ ባለሙያው ደመወዝ 10,000፣ መብራትና ስልክ 3,000፣ የመኪኖቹ እርጅና (በአገልግሎት የሚቀንሰው ዋጋቸው) 2,000። ይሄ 33,000 ነው።

አካውንቲንግ የተማረው ወንድሜ ቁጭ ብሎ አሰላልኝ። ከክረምቱ ጥድፊያ ውጪ በደህና ወር 120 ልብስ እንሠራለን። 33,000ን ለ120 ሲያካፍለው 275 ብር መጣ። 630 ላይ ሲደምረው አንዱ ልብስ 905 ብር ያስወጣል። «በ850 ከሸጥሽ በያንዳንዱ 55 ብር ትከስሪያለሽ» አለኝ። ግን 255,000 ብር የሚያስገባ ሥራ መመለስ በጣም ከበደኝ። እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስሽን አሳውቂን ብለዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጡረተኛው የሒሳብ ሹም

እህቴ፣ ወጪሽን በዚህ መልኩ ለይተሽ መጻፍሽ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ብዙ ነጋዴ እዚህ አይደርስም።

የወንድምሽ 905 ለዓመቱ ዋጋ ማውጫ ይጠቅማል። ለዚህ ትዕዛዝ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ትዕዛዙን ብትቀበይ ከኪስሽ ምን ይጨመራል? ኪራዩ ተቀበልሽም አልተቀበልሽም 18,000 ነው። የቅድ ባለሙያውም ደመወዙን ይወስዳል። መኪኖቹ ድሮ ተገዝተዋል። መብራቱ ትንሽ ይጨምር ይሆናል እንጂ በደንብ የሚጨመረው 630ው ነው። ስለዚህ ከ850 ላይ 630 ሲነሳ 220 ብር ይተርፋል። በ300 ልብስ 66,000 ብር። ይህን ቀሪ እኛ ኮንትሪቢውሽን እንለዋለን፤ መጀመሪያ ቋሚ ወጪን ይሸፍናል፣ ከዚያ ትርፍ ይሆናል።

በራስሽ ዋጋ ከአንድ ልብስ 470 ብር ይተርፍሻል። 33,000ን ለ470 አካፍዪው፤ በወር 71 ልብስ ላይ ቋሚ ወጪሽ ይሸፈናል። በ120 ልብስ 23,400 ብር ይተርፍሻል ማለት ነው። የራስሽን ደመወዝ ግን የትም አላየሁትም። ስትቀጂ፣ ስትገዪ፣ ደንበኛ ስታስተናግዪ ትውያለሽ፤ ይሄም ዋጋ አለው፤ በወር ስንት እንደሚገባሽ ወስነሽ ጻፊው።

አንድ ነገር ግን አደራ። 850ን የሁልጊዜ ዋጋ እንዳታደርጊው። በዚያ ዋጋ ብቻ ብትሠሪ 33,000ን ለመሸፈን በወር 150 ልብስ ያስፈልግሻል። አንቺ ደግሞ በደህና ወር 120 ነው የምትሠሪው።

የሰፈር ልጅ

ተቀበይ እህቴ፣ አታመንቺ። ትምህርት ቤት አንዴ ከያዝሽ ስም ይሠራልሻል፣ በየዓመቱ ይመጣሉ።

የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ

ስም መሥራቱ ጥሩ ነው፤ ግን ነሐሴ ላይ ልብስ ያልደረሰለት ወላጅ የሚያወራውም ስም ነው።

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ሆኖም 66,000ው እውነት የሚሆነው ባዶ ሰዓት ካለሽ ብቻ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ በኋላ እዚያ የስፌት መስመር እቆጣጠር ነበር። እዚያ ከብር በፊት ደቂቃ ይቆጠራል። አንድ ሸሚዝ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሳይታወቅ ዋጋ የሚሰጥ የለም።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ስልክሽን ይዘሽ ከአንዷ ሰፊ አጠገብ ተቀመጪ። ኮሌታ ስትገጥም፣ እጅጌ ስታስገባ፣ ኪስ ስትለጥፍ፣ ዚፕ ስትተክል ለየብቻ መዝግቢ። ክር የምትቀይርበትን፣ መርፌ ሲሰበር የሚባክነውን፣ የተቀደደው ጨርቅ እስኪመጣላት የምትጠብቀውንም ቁጠሪ። ብዙ ጊዜ ትልቁን ሰዓት የሚበላው መጠበቁ ነው። ለምን እንደምትለኪ አስቀድመሽ ንገሪያት። ካልነገርሻት ተጨንቃ ትፈጥናለች፣ ቁጥሩም አይታመንም። የተለያየ ልብስም አንድ ዓይነት ልብስም ለኪ፤ ይለያያሉ።

ከዚያ ሁለት ነገር ጻፊልን፦ በቀን ስንት ሰዓት በእርግጥ እንደምትሠሩ፣ በሐምሌና በነሐሴ ስንት የወላጆች ልብስ እንደምትጠብቂ።

ልብስ ሰፊዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለክቼ መጣሁ።

የወላጆች ልብስ በአማካይ 140 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቀለሙም ልኩም ስለሚለያይ ክር መቀየሩ ብዙ ነው። አንድ ዓይነት ልብስ በተከታታይ ሲሰፋ 110 ደቂቃ። ምሳውም መብራት መጥፋቱም ሲቀነስ በቀን 7 ሰዓት ይሠራሉ፣ በወር 26 ቀን። የደረሰኝ ጥራዞቼን ሳገላብጥ በሐምሌ 100፣ በነሐሴ 220 ያህል የወላጆች ልብስ እጠብቃለሁ። ኦቨርሎኩና ቅዱ አያስቸግሩም፤ የሚጣበበው አራቱ መኪና ላይ ነው።

ጡረተኛው የሒሳብ ሹም

ጎበዝ! አሁን ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታያል።

አራት መኪና በ7 ሰዓት 1,680 ደቂቃ ነው። በ26 ቀን 43,680 ደቂቃ።

ሐምሌን እንይ። የወላጆች 100 ልብስ 14,000 ደቂቃ ይወስዳል። 29,680 ይቀራል። ለ110 ስናካፍለው 269 የትምህርት ቤት ልብስ ይሠራበታል።

ነሐሴን እንይ። የወላጆች 220 ልብስ 30,800 ይወስዳል። የሚቀረው 12,880 ነው። 117 የትምህርት ቤት ልብስ ብቻ ይይዛል።

ስለዚህ ሐምሌ 1 ከጀመርሽ ሥራው ሰፋ ብሎ ይገባል፤ 66,000ውም ያንቺ ነው። ልኬቱን ነሐሴ ላይ ካመጡልሽ ግን 183 ልብስ ከአቅምሽ በላይ ይሆናል። እሱን ለመስፋት 20,130 ደቂቃ ከወላጆች ላይ ትወስጃለሽ። ይሄ 144 ያህል የወላጅ ልብስ ነው። 144 በ470 ሲባዛ 67,680 ብር። ከትምህርት ቤቱ የምታገኚው 66,000 በሙሉ ሄደ ማለት ነው። ወር ሙሉ ለፍተሽ ካልተቀበልሽው በታች ትወርጃለሽ።

በነሐሴ የአንድ ደቂቃሽ ዋጋ ከወላጆች ልብስ 3 ብር ከ36 ሳንቲም ገደማ ነው። 110 ደቂቃ የሚፈጅ ልብስ 369 ብር ያስቀርብሻል። በ630 ላይ ደምሪው። ከ117ኛው በኋላ ላለው ልብስ ነሐሴ ላይ ከ1,000 ብር በታች አትስማሚ። ስለ ዋጋው ከምትከራከሪ ይልቅ ስለ ቀኑ በርቺ።

የጨርቅ ነጋዴዋ

እኔ የምጠይቅሽ፦ የዚያ ትምህርት ቤት ወላጆች እስከ አሁን አንቺ ጋ አይደለም እንዴ የሚያሰፉት? በ850 በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያገኙ በ1,100 የሚመጣው ማን ነው? ይሄ ከ66,000ው አይቀነስም?

ልብስ ሰፊዋ (ጠያቂ)

አዎ፣ 40 ያህሉ እኔ ጋ ነበሩ። 220 ያልኩት ግን እነሱን አውጥቼ ነው። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ለሁሉም ልጆች አንድ ላይ አሰፋለሁ ብሏል። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰፊ ይወስደዋል።

ጡረተኛው የሒሳብ ሹም

እንግዲያው አትቀንሺው። አርባዎቹ ተቀበልሽም አልተቀበልሽም አይመጡም። በሁለቱም በኩል እኩል የሆነ ነገር ውሳኔ ውስጥ አይገባም። ትምህርት ቤቱ ሐሳቡን ቀይሮ ወላጆችን በየግላችሁ አሰፉ ቢል ኖሮ 40 በ470፣ ማለትም 18,800 ብር፣ ከትዕዛዙ ላይ ይነሳ ነበር።

የጨርቅ ነጋዴዋ

ገባኝ። እኔ ግን ከትርፉ በላይ የሚያስፈራኝ ጥሬ ገንዘቡ ነው። በወረቀት ላይ እያተረፈ ሰኞ ጠዋት ለጨርቅ የሚከፍለው ያጣ ስንት ሰው አይቻለሁ።

ለ300 ልብስ ጨርቁና ክሩ 144,000 ብር፣ የሰፊና የመተኮሻው 45,000። ድምሩ 189,000። ቀብዱ 127,500 ነው። 61,500 ብር አንቺ ከኪስሽ ትሞያለሽ፤ ኪራዩና ደመወዙ ሳይቆም። ትምህርት ቤቱ ቀሪውን ቢያዘገይ በመስከረም ምን ትበያለሽ?

ብልሃት አለው። ጨርቁን ራሳቸው ይግዙት በያቸው። አንቺ በአንድ ልብስ 410 ብር አስከፍዪ፣ ከ850 ላይ የጨርቁ 440 ሲቀነስ ማለት ነው። ያንቺ ወጪ 190 ይሆናል፣ 220ዋ እንዳለች ናት። 300ው 57,000 ብር ያስወጣሻል፤ የ123,000 ግማሽ ቀብድ ደግሞ 61,500 ነው። ከኪስሽ ምንም ሳታወጪ ትሠሪያለሽ። ግን በየልኩ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ አስቀድመሽ በጽሑፍ ስጫቸው። ጨርቁ ቢያንስ ወይም ቀለሙ ቢለያይ የማን ኃላፊነት እንደሆነም ይጻፍ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተጣልቷል።

ወንድምየው

ልብስ ሰፊዋ እህቴ ናት፤ ሊንኩን ላከችልኝ። የምጨምረው አንድ ነገር አለ። 850ው ቫትን ይጨምር አይጨምር እንዳልጠየቀች ነገረችኝ። እሷ ቫት ተመዝጋቢ ሆና 850ው ቫትን የሚጨምር ከሆነ 110 ብር ከ87 ሳንቲም የመንግሥት ነው፤ እጅ ላይ የሚቀረው 739 ብር ከ13 ሳንቲም። ወጪው እንዳለ ከቀጠለ 220ው ወደ 109 ይወርዳል። ለጨርቁ የተከፈለው ቫት የሚቀነሰው ትክክለኛ ደረሰኝ ካለ ነው። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት ይህ በጽሑፍ መለየት አለበት።

ልብስ ሰፊዋ (ጠያቂ)

ዋጋው ከቫት በፊት እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ጨርቁን ራሳቸው ቢገዙ እመርጣለሁ። የልጆቹ ልኬት በየክፍሉ ተዘርዝሮ እስከ ሰኔ 30 ይምጣ። ከዚያ ለዘገየውና ነሐሴ ለገባው ልብስ ከ117 በላይ ከሆነ በ1,000 ብር ሒሳብ፤ ጨርቁ የነሱ ከሆነ 560። 250ውን በሐምሌ እጨርሳለሁ፣ 50ው በነሐሴ ይሄዳል። የረሳሁት አለ?

የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ

ከሦስት የተለያዩ ልኮች አንዳንድ ናሙና ሰፍተሽ በፊርማ አስጸድቂ። ካልጸደቀ ጨርቅ አትቅደጂ።

ሌላው የሳምንት ሰሌዳ ነው። 250 በሐምሌ ማለት በሳምንት 62 ያህል ነው። ግድግዳው ላይ ለጥፊው፤ የታቀደው በአንድ በኩል፣ የተሰፋው በሌላ በኩል። ሐምሌ 15 ላይ 125 ካልደረሰ እጥፍ ሰዓት አታሠሪያቸው፤ ስፌቱ ይበላሻል፣ መፍታት ደግሞ ከመስፋት ይብሳል። ያኔውኑ አንድ መኪና ከነሰፊዋ ለወር ተከራዪ። አንድ መኪና በወር 10,920 ደቂቃ ይጨምርልሻል፣ 99 የትምህርት ቤት ልብስ ማለት ነው። ኪራዩንና የሰፊዋን ክፍያ ከዚያ ጋር አስተያዪው። ነሐሴ ከገባ በኋላ ግን ሥራ የፈታ መኪና ማግኘት ይከብድሻል።