ሐዘን ጨዋታ ይሆናል ወይ? የሐዋሳ ጎረቤቶች ክርክር

ጠያቂው፦
ሰላም ጎረቤቶቼ። በሰፈራችን የወጣቶች አዳራሽ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ማታ ፊልም እናያለን። በዚህ ወር በፊልሙ ፈንታ አንድ ጌም በትልቁ ስክሪን እየተጫወትን እንይ ብያለሁ። ስሙ «አንደር ዘ ዌቭስ» ነው፤ «ከማዕበሉ በታች» እንደ ማለት። ፓራለል ስቱዲዮ የሚባል የፈረንሳይ ቡድን ሠርቶት በፈረንጆች 2023 ወጣ። ታሪኩ በ1970ዎቹ ነው። ስታን የሚባል ጠላቂ በሰሜን ባሕር ሥር ለነዳጅ ኩባንያ ይሠራል። ትንሽ ልጁ ሞታበታለች። የወረደው ከሰው ሸሽቶ ነው። ተኩስ የለበትም። ትዋኛለህ፣ የተበላሸ ትጠግናለህ፣ ባሕር ውስጥ የተጣለ ፕላስቲክ ትለቅማለህ፣ ጠባብ ክፍልህ ውስጥ ጊታር ይዘህ ትቀመጣለህ። ሐዘኑ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

ሰው የሞተባቸውም ይምጡ ብዬ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ተነሣ። ከእድሩ አንዳንዶች «ሐዘን መጫወቻ አይደለም፣ ይቅር» ብለዋል። እኔ ይታይ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የእድሩ ጸሐፊ፦
ልጄ፣ ይቅር ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ያዘነ ሰው ብቻውን አይተውም። ሌሊቱን ሁሉ ሰው አብሮት የሚያድረው ለዚህ ነው። መርዶ እንኳ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ነው በር የሚንኳኳው። ይሄ ሰውዬ ግን ሁሉን ጥሎ ባሕር ውስጥ ገባ። ይሄን ነው እንደ ጥሩ ነገር የምናሳየው? ልጆቻችን በር ዘግተው ስልክ ላይ ሲያፈጡ መዋላቸው አነሳቸውና ነው?

የታቦር ልጅ፦
እትዬ፣ አክብሬዎት ነው። «መጫወቻ አይደለም» የሚለውን ግን አልቀበልም። አባቴ የሞተ ጊዜ ጎረቤቶች ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ያድሩ ነበር። በ3ኛው ሌሊት አጠገባቸው ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ማንም ነውር ነው አላለኝም። ሐዘንተኛን «አጫውቱት» እንላለን እኮ። ወጉም ጨዋታ ነው፣ ካርታውም ጨዋታ ነው።

ደግሞ የራሳቸውን ሐዘን ጌም ያደረጉ ወላጆች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ራያን እና ኤሚ ግሪን የሚባሉ ባልና ሚስት ልጃቸው ጆኤል በካንሰር ታሞ በፈረንጆች 2014 በ5 ዓመቱ ሞተ። ስለ እሱ የሠሩት ጌም በ2016 ወጣ። እነዚህ ሰዎች ሐዘናቸውን ያቀለሉት አይመስለኝም።

አሳ አጥማጁ፣ ከአሞራ ገደል፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። እናንተ ውሃውን በስክሪን ታዩታላችሁ። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት መረብ አወጣበታለሁ። ሐይቃችን ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሰው ግን ይበላል። የሰጠመ ልጅ እስኪገኝ ከእናቱ ጋር ዳር ላይ ተቀምጬ ጠብቄአለሁ። ለያቺ እናት ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሰው ልታሳዩዋት ነው? ሙዚቃ ጨምራችሁ? እኔ አልመጣም።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም። ሐዋሳ ተቀምጬ አለማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ። ጥሪው ላይ ታሪኩ ውሃ ውስጥ እንደሆነ፣ የሞተችውም ሕፃን እንደሆነች ከላይ በጉልህ እጽፋለሁ። ማንም ሳያውቅ ገብቶ አይደንግጥ።

ነርሷ፦
የምሠራው የአእምሮ ጤና ክፍል ነው። በመጀመሪያ፣ ጌም ሕክምና አይደለም፤ ይህ በግልጽ ይነገር። ኩብለር ሮስ የተባለች ሐኪም በፈረንጆች 1969 ስለ 5 ደረጃዎች ጻፈች፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። በ2017 የወጣ «ራይም» የሚባል ሌላ የሐዘን ጌም ምዕራፎቹን በእነዚህ ነው የሰየመው። ለታሪክ ያምራል። ግን እሷ የተነሣችው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ነው። ያዘነ ሰው እንደ ደረጃ አንድ በአንድ አይወጣም። ዛሬ ይቀበላል፣ ነገ ይናደዳል። ስለዚህ ማንም «እኔ ገና 2ኛው ላይ ነኝ» ብሎ እንዳይጨነቅ።

አብዛኛው ሰው በሰው፣ በእንቅልፍና በጊዜ ይሻለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ የተራዘመ ሐዘን የሚለው ሕመም አለ። ቢያንስ 6 ወር አልፎት፣ ከአካባቢው ባህልም በላይ ዘልቆ ኑሮውን ያወከው ሰው እርዳታ ይፈልጋል። እኔ የምፈራው ጌሙን አይደለም። አይቶ፣ ሆዱ ተነክቶ፣ ማንም ሳያናግረው ወደ ቤቱ የሚሄደውን ነው የምፈራው።

አንድ አባት፦
ጌሙን ተጫውቼዋለሁ። ልጃችን በ3 ዓመቷ ሞተች። ድንኳኑ ቶሎ ፈረሰ። «ልጅ ናት፣ እግዜር ይተካላችሁ» ተባልን። በክፋት አይደለም፤ ሊያጽናኑን ነው። ግን ለአባቴ 40ው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ። ለእሷ ምንም የለም። ስሟን የሚጠራ ጠፋ። ባለቤቴን እንዳላስለቅስ እኔ ዝም አልኩ። እኔን እንዳታስለቅስ እሷም ዝም አለች።

እኔ ባጃጅ እስከ እኩለ ሌሊት እነዳ ነበር። ሰው «ጠንካራ ነህ» ይለኛል። ስታንም እንደዚያው ነው፤ ሥራ ነው የሚለው። ከላይ ሰዎች ያናግሩታል፣ ድምፃቸው ብቻ ይደርሰዋል። አንድ ሌሊት ጌሙን አቆምኩና ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። የልጃችንን ስም ጠራሁ። እስኪነጋ ስለ እሷ አወራን። ሙዝ ስትልጥ ልጣጩን ለእኔ፣ ሙዙን ለራሷ።

እትዬ፣ እድሩ ምንም አላጎደለብንም። ግን ድንኳን ይፈርሳል። እኔ የማወራው ከፈረሰ በኋላ ስላለው ነው።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ «ይተካላችሁ» ካሉት ውስጥ እኔም አለሁበት። ለስንቱ ቤት ብያለሁ። ስሟን እዚህ አትጻፈው። ቡና ላይ ንገረኝ።

ልጆች ብቻቸውን ይጫወቱት የሚለውን አሁንም እቃወማለሁ። አዳራሹ ውስጥ ከሆነ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ መብራት አይጥፋ። ያለቀሰ ሰው ካለ ልየው። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ጠያቂው፦
መብራቱ ይበራል፣ እትዬ። ስክሪኑ ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ። ነርሷም እሺ ካለች በር አጠገብ ትቀመጥልን።

አሳ አጥማጁ፣ ከአሞራ ገደል፦
እኔ አሁንም አልመጣም። ያቺን እናት ግን ሳገኛት እነግራታለሁ። ውሃ እንዳለበትም እነግራታለሁ። እሷ ትምረጥ።